የአንድ ቀን የአሞራ ቱር፦ ከቄራ እስከ ደብረ ሊባኖስ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር የወፍ ቱር ወጥተን ነበር፣ ጠዋት ቄራ ከዛ ደብረ ሊባኖስ፣ እና ያወጣሁት ብር አልቆጨኝም። መኪናው 40 ደቂቃ አርፍዷል፣ ከሰጡን ባይነኩላሮች የአንዱ ፎከስ አይሰራም፣ ይሄን ቢያስተካክሉ ጥሩ ነው። ጋይዱ ግን በጣም ጎበዝ ልጅ ነው።

ቄራ ስንደርስ ልጄ "እነዚህንማ ሁሌ ነው የማያቸው" አለኝ፣ እኔም በልቤ እንደዛው ነበር ያልኩት። ቡናማ፣ ፊቱ መላጣ፣ ምንቃሩ ቀጠን ያለ አሞራ ጣራው ላይ ተደርድሯል። ጋይዱ አንዱን እዩት አለን፣ ሌላው ሲጠጋበት ነጣ ያለው ፊቱ በአንዴ ቀላ! ከዛ ነው የደነገጥኩት፣ ለካ ይሄ በየቀኑ የምናየው በሳይንሳዊ ስሙ ኔክሮሲርተስ ሞናከስ የሚባለው አሞራ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት (አይዩሲኤን) ቀይ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ውስጥ ነው፣ ከዛ በኋላ ያለው በዱር ጨርሶ መጥፋት ነው። ለጅብና ለውሻ የተደረገ መርዝ ሬሳውን የበላውን አሞራ ሁሉ ይጨርሳል፣ ምዕራብ አፍሪካ ደግሞ ለባህል መድኃኒት ይሸጣል፣ የሚጥለው እንቁላል አንድ ብቻ ስለሆነ የሞተው ቶሎ አይተካም።

ደብረ ሊባኖስ ፖርቹጋል ድልድይ ጋ ላመርጋየር የሚባለው ጺማም ጥንብ አንሳ ከገደሉ ስር ብቅ ብሎ በዓይናችን ትክክል አለፈ፣ ደረቱ ብርቱካናማ፣ ምንቃሩ ስር ጥቁር ጺም፣ ልጄ እጄን ጨምቆ ያዘኝ። ብርቱካናማው ቀለም ብረት ያለበት አፈር ውስጥ ሲታጠብ የሚይዘው ነው አሉ። አጥንት ከላይ ጥሎ አለት ላይ ሲሰብር ለማየት ብንጠብቅም አልቀናንም። እሱ ለስጋት የቀረበ የሚባለው ደረጃ ላይ ነው ያለው፣ ማለትም ተራራ ወጥተን የምንፈልገው ከቄራው ይሻላል!

እኛ ሁለቱንም ጥንብ አንሳ እንላለን፣ ቤተሰባቸውም አንድ ነው፣ ንስርና ጭልፊት ያሉበት አክሲፒትሪዴ። ግን ሁለቱም በየወገናቸው (ጂነስ በሚባለው ምድብ) ብቸኛ ዝርያ ናቸው፣ የላመርጋየሩ የቅርብ ዘመድ ነጩ የግብፅ ጥንብ አንሳ ሲሆን የቄራው ከሌሎቹ ትላልቅ አሞራዎች ጋር ይመደባል።

ቄራውን እንዝለለው የሚል ደንበኛ ብዙ ነው ብሎናል ጋይዱ፣ እባካችሁ እንዳትዘሉት፣ ጃኬትም ያዙ ገደሉ ጋ ንፋስ አለ።