የመሃል ከተማ ቀበሌ ቤት ወይስ የዳር ኮንዶሚኒየም?

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ቤት ሲወራ ሁሉም ግድግዳና ጣሪያውን ያያል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ነው?» ብዬ ነው።

ቀበሌ ቤት ምቾት የለውም። ጭቃ ነው፣ ያፈሳል፣ መጸዳጃ ቤቱም የጋራ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ዛሬም ርካሽ ነው። ትልቁ ሀብት ግን ቦታው ነው። እንጀራ የምትሸጥ እናት ደንበኞቿ ደጇ ላይ ናቸው። ልብስ አጣቢዋ ሥራ የምትደርሰው በእግሯ ነው። ልጅ ቢታመምባት ጎረቤት አለ፤ ዕቁቡም ዕድሩም እዚያው። የድሮዎቹ ሰፈሮች በመኳንንት ግቢ ዙሪያ ስለተቆረቆሩ ቪላና ደሳሳ ቤት አጥር ተጋርተው ኖረዋል። እኩል ነበሩ ማለቴ አይደለም። ግን ቢያንስ ይተያዩ ነበር።

ከከተማው ዳር፣ የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ሲደርስሽ የራስሽ ቁልፍ፣ የራስሽ መጸዳጃ ቤት አለሽ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በ20/80 ከሆነ ግን 20 በመቶውን ከፍለሽ የቀረው የባንክ ዕዳ ነው። ከዚያ በየማለዳው የታክሲ ሰልፍ። እንጀራውን ማን ይገዛል? ጎረቤትሽም እንዳንቺው ገና አዲስ ገቢ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ዕድለኞች ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ሌላ ቦታ የሚከራዩት።

ቋሚ ደመወዝ ላለው ሰው ኮንዶሚኒየሙን እመርጣለሁ። የዕለት ጉርሱን ከመንገድ ለሚያገኝ ግን የሚያፈሰው ቤት ይሻላል፣ ካልፈረሰ። የፒያሳ ሰዎች በ2016 ዓ.ም. ሰፈራቸው ሲፈርስ ምርጫው የእነሱ እንዳልሆነ አይተዋል።