የቢፒኤም ሶፍትዌር ልትገዙ ያሰባችሁ ድርጅቶች ተጠንቀቁ! ነፃውን ነገር ነው ሎጎ ለጥፈው የሚሸጡላችሁ

ፊደል ብገድፍ ይቅርታ፣ እጄ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው። ነገሩ የተገለጠልኝ ትናንት ረቡዕ ከሰዓት ነው፣ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮው ያለ የቁጠባና ብድር ማህበር ውስጥ የኦፕሬሽን ኃላፊ ነኝ። አባሎቻችን አብዛኞቹ አስተማሪዎችና የመንግስት ሰራተኞች ናቸው፣ የምናንቀሳቅሰው ብር በየወሩ ከደሞዛቸው እየተቆረጠ የሚመጣ ብር ነው። አንድ የብድር ፋይል ማመልከቻ፣ ዋስ ማጣራት፣ ገማች፣ ብድር ኮሚቴ፣ ሂሳብ ክፍል እያለ ብሩ እስኪወጣ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ማን ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ የሚያውቅ ይጠፋል። ልጇን ሆስፒታል አስተኝታ ለብድር ለምትመላለስ እናት "ፋይልሽ እየተፈለገ ነው" እያሉ መመለስ ምን እንደሚመስል የሰራችሁበት ታውቁታላችሁ። የስራ ሂደት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር፣ ቢፒኤም የሚሉትን፣ እንግዛ ብዬ ለቦርዱ ያቀረብኩት ለዚህ ነው። ቦርዱ ውስጥ የቢፒአርን ዘመን በደንብ የሚያስታውሱ ሰዎች አሉ፣ ስሙም ተመሳሰለባቸውና "ያኔ በወረቀት አደከማችሁን፣ አሁን ደግሞ በኮምፒውተር?" ብለው ነበር። ቢፒአርና ይሄ የተለያየ ነው፣ ያ አሰራሩን አፍርሶ እንደገና መስራት ነው፣ ይሄ ደግሞ እያንዳንዱ ፋይል አሁን የት እንደደረሰ የሚያሳይ ነው ብዬ ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራክሬ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ስታዲየም ዙሪያ ካሉት ህንፃዎች ባንዱ አምስተኛ ፎቅ፣ የመስታወት በር፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረ ሰርተፍኬት፣ ማኪያቶ ይመጣል፣ ሱፍ የለበሰው ልጅ "ሀገር በቀል መፍትሄ ነው፣ በራሳችን ልጆች ከዜሮ የተሰራ" ይላል፣ "ዳታችሁ ከሀገር አይወጣም" ይላል፣ ከዛ ለእናንተ ብቻ የሚል ቅናሽ ይመጣል። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል አሉ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። መመሪያችን ሶስት አማራጭ ተወዳድሮ ይገዛ ይላል። የሶፍትዌር ማነፃፀሪያ ሰርቼ አላውቅም፣ ምን ከምን እንደሚነፃፀርም አላውቅም ነበር፣ ጭንቀቴን ለልጁ ነገርኩት (ለምን ነገርኩት?)። "እርስዎ ምን አደከመዎት፣ ማነፃፀሪያውን እኛ ሰርተን እንልክልዎታለን፣ በነፃ" አለኝ። በማግስቱ ኤክሴሉ መጣ። 22 መስፈርት፣ ሶስት አምድ፣ የነሱ፣ ካሙንዳ የሚባለው የጀርመኖቹና ቦኒታ የሚባለው የፈረንሳዮቹ። የነሱ አምድ ከላይ እስከታች አረንጓዴ ነው። ካሙንዳ ላይ በቀይ "ውድ፣ አማርኛ የሌለው፣ ለሀገራችን አሰራር የማይሆን" ተብሎ ተፅፏል። እኔ ምን አደረግኩ? የማህበራችንን ሎጎ አናቱ ላይ አድርጌ፣ የኛ ጥናት ነው ብዬ፣ ለቦርዱ አቀረብኩት። አንድም መስፈርት ራሴ ሞክሬ አላየሁም። ሻጭ ራሱን በራሱ አንደኛ ያወጣበትን ወረቀት እኔ ፈርሜ አፀደቅኩለት።

ኅዳር 2018 ላይ ተፈራረምን። ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ለ40 ሰው፣ ለአንድ ሰው በዓመት 180 ዶላር፣ ዶላሩን በ150 መትተውት 1,080,000 ብር። ተከላና ስልጠና 420,000። ቫቱ ሲጨመር 1,725,000 ብር። 70 በመቶውን፣ 1,207,500 ብር፣ ቅድሚያ ከፈልን። "በሀገር ልጅ ከተሰራ ለምን በዶላር ይሰላል?" ብሎ ሂሳብ ሹማችን ጠይቆ ነበር፣ እኔ ነኝ "የዘርፉ አሰራር ነው" ብዬ ዝም ያሰኘሁት። ያን ቃል ከየት አመጣሁት? ከራሱ ከሻጩ።

ታኅሣሥ ላይ ጫኑልን። ስልጠናው ቀን የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ላይ ከኛ ሰዎች ጋር ጆን፣ ሜሪ፣ ፒተር የሚሉ ስሞች አየሁና እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው አልኩት። አይኑን ሳያሽ "ከውጭ ሆነው ሰፖርት የሚሰጡን ኢንጂነሮች ናቸው" አለኝ። እኔም ደስ አለኝ እኮ! ፈረንጅ ሳይቀር ከጀርባ አለልን ብዬ።

ትናንት። አዲስ የቀጠርነው የአይቲ ልጅ አለ፣ ከገባ ወር አልሞላውም፣ ምሳ እንደተመለስን ላፕቶፑን ይዞ ቢሮዬ ገባ፣ በሩን ዘጋው። "እትዬ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት፣ ግን አይደንግጡ" አለኝ። የራሱ ላፕቶፕ ላይ ካሙንዳ 7 የሚባለውን፣ ያንን ኤክሴሉ ላይ በቀይ የተሰረዘውን፣ ነፃውን እትም ማታ ከኢንተርኔት አውርዶ ጭኖታል። አንድ ብር አልከፈለም። ከፈተው። የኛው ነው! የስራ ዝርዝሩ በግራ፣ ፎርሙ በቀኝ፣ ቁልፎቹ ያሉበት ቦታ ሳይቀር፣ ልዩነቱ የነሱ ሎጎና አማርኛ የተፃፈባቸው ጥቂት ቁልፎች ብቻ። ግን እኔ አሁንም ሊገጣጠም ይችላል እያልኩ ነበር፣ ሰው ሁለት ሶፍትዌር አመሳስሎ አይሰራም እንዴ እያልኩ። ከዛ የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ከፈተልኝ።

ጆን። ሜሪ። ፒተር።

ለካ እነዚህ ሰዎች የሉም። ካሙንዳ ለመለማመጃ ብሎ ከነፃው እትም ጋር የሚልካቸው የምሳሌ ስሞች ናቸው፣ ኢንቮይስ ማፅደቅ የሚል የምሳሌ ስራም አብሮ አለ፣ ማንም ሲያወርደው አብረውት ይመጣሉ። አንድ ግን ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ልጁ "እትዬ፣ በኛው ሰርቨር ላይ አንድ ነገር ልሞክር ይፈቅዱልኛል?" አለኝ፣ ሞክር አልኩት። የተጠቃሚ ስም "ዴሞ"፣ ፓስወርድ "ዴሞ" ብሎ መታ። ተከፈተ። በአስተዳዳሪ ስልጣን ነው የተከፈተው። የአባሎቻችን ብድር፣ የዋሶቻቸው ስም፣ ደሞዛቸው፣ ሁሉም እዛ ነው። ያ ፓስወርድ ደግሞ ሚስጥር አይደለም፣ የመለማመጃው መመሪያ ላይ ለመላው ዓለም የተፃፈ ነው። ልጁ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም፣ እኔም ላየው አልቻልኩም፣ ብቻ የሆነ ሰዓት ላይ "ውሃ ላምጣልዎት?" ሲለኝ ሰማሁት።

ከዛ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ያለቁ ፋይሎች ስንት ቀን እንደፈጁ የሚያሳይ ሪፖርት ስጡን ስንል "በሚቀጥለው አፕዴት" እያሉ የሚያመላልሱን ለካ የነፃው እትም መቆጣጠሪያ ገፅ ያለቀ ስራ ታሪክ አያሳይም፣ የሚያሳየው የሚከፈልበት እትም ነው። ኤክሴሉ ላይ ግን "የሂደት ታሪክ" የሚለው መስፈርት በአረንጓዴ ተሞልቷል። ከሁሉም የባሰው ደግሞ የካሙንዳ 7 ነፃ እትም የመጨረሻው የወጣው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2025 ነው፣ ከዛ በኋላ ኩባንያው ነፃውን አቁሞታል፣ የደህንነት ማስተካከያ እንኳን አያወጣለትም። እኛ የፈረምነው በወሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ፍትሃዊ ልሁን። ነፃ ሶፍትዌር ወስዶ ጭኖ ገንዘብ መቀበል ወንጀል አይደለም፣ ይሄ የወጣበት አፓቼ 2.0 የሚባለው ፈቃድ ራሱ አይከለክልም፣ ካሙንዳም ራሱ በፈረንጆቹ 2013 ሲጀምር አክቲቪቲ ከሚባል ሌላ ነፃ ሶፍትዌር ተገንጥሎ የወጣ ነው። "ነፃ ነው፣ እኛ ለልፋታችን ይሄን ያህል እንቀበላለን" ቢሉኝ 420 ሺውን በደስታ እከፍል ነበር። የሌለ ላይሰንስ በ40 ሰው ቆጥረው፣ በዶላር አስልተው፣ ከአስተማሪ ደሞዝ የተቆረጠ ብር ወሰዱ እንጂ።

ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ለገሃርን እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውስም። እንግዳ መቀበያው ላይ 50 ደቂቃ አስቀመጡኝ። ማኪያቶ የለም። ሱፉን የለበሰው ወጣና ቆሞ "ምን ፈልገሽ ነው?" አለኝ። ልብ በሉ፣ ብሩ እስኪገባ ድረስ "እርስዎ" ነበርኩ፣ እናቱ ልሆን የምችል ሰው ነኝ። ስለ ጆንና ሜሪ ስነግረው ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ተያይተው ሳቁ። "ኢንጂኑ (ሶፍትዌሩን ከውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ማለቱ ነው) ሌላ ነው፣ ፕሮዳክቱ የኛ ነው፣ ይሄ ቴክኒካል ነገር ነው እናቴ፣ አይገባሽም። ኮንትራትሽን አንብቢው።" አነበብኩት፣ አንቀፅ 14፣ "ምርቱ የሶስተኛ ወገን አካላትን ሊያካትት ይችላል"። ፈርሜበታለሁ። እሺ የኛን የስራ ሂደቶች የሳላችሁበትን ፋይል ስጡኝ ስለው 60 ሺህ ብር ጠየቀኝ። የራሳችንን የብድር አሰራር፣ እኛው ቁጭ ብለን የነገርናቸውን!

እሱን እንኳን አላገኙትም። ሰርቨሩ ያለው እኛ ጋ ስለሆነ የአይቲው ልጅ ማታውኑ ሁሉንም አወጣው። የተሳሉት ቢፒኤምኤን 2.0 በሚባለው ከፈረንጆቹ 2011 ጀምሮ ባለ የጋራ ስታንዳርድ ስለሆነ ሌላም ሶፍትዌር ላይ ይከፈታሉ፣ ትንሽ መነካካት ቢፈልጉም። የዴሞውንም ፓስወርድ ዘጋነው።

ልትገዙ ያላችሁ፣ ማነፃፀሪያውን ራሳችሁ ስሩት፣ አንድ የብድር ወይ የግዢ ፋይል ይዛችሁ ሄዳችሁ በሶስቱም ላይ ፊታችሁ ያሰሩት። ውስጡ ያለው ኢንጂን ስሙና ቁጥሩ ምንድነው ብላችሁ በፅሁፍ ጠይቁ። የሂደቶቹ ፋይል የናንተ መሆኑ ውሉ ላይ ይግባ። ቀድሞ የተጫነላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ዴሞ ዴሞ ብላችሁ ሞክሩት።

ቅዳሜ ቦርዱ ይሰበሰባል። ያንን ኤክሴል ይዤ እገባለሁ፣ ማን እንደሰራውም እነግራቸዋለሁ። የቀረውን 517,500 ብር እንዳንከፍል ጠበቃ ይዘናል፣ የከፈልነውን ግን እንጃ። 22 መስፈርት ያለው፣ አንዱ አምድ ከላይ እስከታች አረንጓዴ የሆነ ኤክሴል የተላከላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ሳትፈርሙ በፊት ፃፉልኝ።