መሃሉ አሮ ዳሩ ጥሬ፦ ለሰሜን ሸዋ ማገዶ የትኛው የእንጀራ ምድጃ ይሻላል?

ደብረ ብርሃን ላይ ምድጃ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ቀጥሎ "ማገዶ ይቆጥባል ወይ?" ይላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ናቸው። ምጣዱ ፊት የምትቀመጠው ሴት ግን ከሁለቱም በፊት የምታየው ነገር አለ፤ ሙቀቱ ለምጣዱ እኩል ይዳረሳል ወይስ አይዳረስም? መሃሉ አሮ ዳሩ ጥሬ የሚቀር ከሆነ፣ የቆጠባችሁትን ማገዶ የተበላሸው እንጀራ ይበላዋል።

እዚህም የማወዳድረው በዚያ ዓይን ነው። ሦስት ጉልቻን (በጭቃ የታጠረውን ጨምሮ)፣ ጎንዚዬን፣ ምርጥ ምድጃንና የኤሌክትሪክ ምጣድን ጎን ለጎን አያለሁ። ላቀች የከሰል ምድጃ ነው፤ ለወጥና ለቡና እንጂ ለእንጀራ አልተሠራም። ትክክል የሚባለውም የድስት ምድጃ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ዛሬ ግን እንለፋቸው። ዋጋም አልጽፍም፤ ሲሚንቶ በተወደደ ቁጥር የምድጃውም ዋጋ ስለሚቀየር ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል።

ሙቀቱ ለምን አይዳረስም?

ጥፋቱ ግማሹ የሸክላው ባሕርይ ነው። ሸክላ ሙቀት ይይዛል፤ ወደ ጎን ግን ቶሎ አያሻግርም። የብረት መጥበሻ አንዱ ጥግ ሲግል ሌላውም ብዙ ሳይቆይ ይከተላል። የሸክላ ምጣድ ላይ እሳት የነካው ቦታ ይግላል፣ ያልነካው ቀዝቅዞ ይጠብቃል። ምጣዱ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ከ55 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ የጥሩ ምድጃ ዋና ሥራ ነበልባሉንና ትኩሱን አየር ይዞ ምጣዱ ሥር ማዞር ነው። ሳያዞር ከለቀቀው ያው ሜዳ ላይ እንደ መጋገር ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ከምድጃው ጋር ምንም አይገናኝም። ብዙ ሰው ምድጃውን የሚከሰው በሌላ ጥፋት ነው። ምጣዱ ተዘንብሎ ከተቀመጠ ሊጡ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይፈስሳል። እዚያ ይወፍራል፤ በማዶው በኩል ይሳሳል። የወፈረው ጥሬ ይቀራል፣ የሳሳው ያርራል። "ምድጃው በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚያነደው" ከማለታችሁ በፊት ከአናጢ ቤት ውኃ ልክ ተውሳችሁ ምጣዱ ላይ በሁለት አቅጣጫ አስቀምጡ። ውኃ ልክ ከሌለ ግማሽ ድረስ ውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ አጋድሙ፣ ይነግራችኋል። በደንብ ያልተሟሸ ምጣድም እንዲሁ ያሳስታል። ጎመን ዘሩ ያልደረሰበት ቦታ እንጀራው አልላቀቅ ይላል፤ ሰው ግን ሙቀት ያነሰው ይመስለዋል።

ምጣዱ ልክ ከሆነ በኋላ ቀላሉ መፈተኛ ዱቄት ነው። ምጣዱን አግሉትና ነጭ የስንዴ ዱቄት በወንፊት ስስ አድርጋችሁ ነፋ ነፋ አድርጉበት። የቱ ጋ ቀድሞ እንደሚጠቁር፣ የቱ ጋ ነጭ እንደሚቀር እዩ። ጥርጊያውን በማሰሻ ጠርጋችሁ መጋገር ትቀጥላላችሁ። ምድጃ ከመቀየራችሁ በፊትም ከቀየራችሁ በኋላም ይህንን አድርጉ፤ ልዩነቱን የሻጩ አፍ ሳይሆን ዱቄቱ ያሳያችኋል።

ማገዶው ከምድጃው ይቀድማል

ሰሜን ሸዋ አንድ አገር አይደለም። መንዝ ላይ ዛፍ ብርቅ ነው፤ የሚነደው ኩበት ነው። በደብረ ብርሃንና በባሶና ወራና ዙሪያ ባህር ዛፍ አለ፤ ፍልጡ ይሸጣል፣ ቅጠሉና ጭራሮው ምጣድ ሥር ይገባል። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ የማሽላ አገዳ ነው። ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ይነዳሉ።

ኩበት ነበልባሉ አጭር ነው። ዝግ ብሎ ይነዳል፣ ፍሙ ይቆያል፣ ጭሱ ግን ዓይን ያወጣል። ለመዳረስ ከሁሉም የሚመቸው እሱ ነው፤ እንዳስቀመጣችሁት ይቀመጣልና። መሃል ላይ ከመከመር ይልቅ ዳር ዳሩን ክብ አድርጋችሁ ብትደረድሩት ለምጣዱ ጠርዝ ይደርሳል። ችግሩ አመዱ ነው፤ ብዙ ነው። አመዱ ከፍ ባለ ቁጥር እሳቱ ለምጣዱ ይጠጋል፣ አየር ያጥረዋል፣ ጭሱም ይብሳል።

የባህር ዛፍ ቅጠል በተቃራኒው ነው። ቦግ ይላል፣ ወዲያው ይጠፋል። ነበልባሉ ረጅም ስለሆነ መውጫ ወዳለበት ይሮጣል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ካልማገደው እንጀራው አንዱ ሲያርር ቀጣዩ ሊጥ ይሆናል። አገዳም የቅጠል ወንድም ነው፤ ትንሽ ይቆያል እንጂ።

ሻጭ "ይሄ ለሁሉም ይሆናል" ሲላችሁ እንግዲህ በምን እንደምታነዱ ንገሩትና መልሳችሁ ጠይቁት።

ሦስት ጉልቻ እና በጭቃ የታጠረው

ባዶ ጉልቻ ላይ ብዙ አልቆይም። እሳቱ መሃሉን ይመታል፣ ነፋስ ሲመጣ ወደ አንድ ጎን ይተኛል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛና ነፋሻ ከተማ ናት፤ በደንብ ያልተመረገ ማድ ቤት ውስጥ ነፋሱ የእሳቱ አዛዥ እሱ ነው። ሙቀቱ አብዛኛው ለእንጀራው ሳይሆን ለጣሪያው ይሄዳል።

"ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ይባላል። ተረቱ የተናገረው ስለ ወጥ ነው፤ ስለ እንጀራ አላለም። ጉልቻውን ዙሪያውን በጭቃና በጭድ ብታጥሩት፣ ለማገዶው አንድ በር፣ ለጭሱ ከበሩ ማዶ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብትተዉ፣ እንጀራው ይለወጣል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በየገጠሩ እናቶቻችን የሚሠሩት ነው። ወጪው ጉልበት ብቻ ነው።

በሩ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አይሁን። ምጣዱ ጠርዙ ላይ ሲቀመጥ ክፍተት ከቀረ ሙቀቱ በዚያ ያመልጣል፤ በዚያ በኩል ያለው እንጀራ ሁልጊዜ ገርጥቶ ይወጣል። ክፍተቱን አመድ በተቀላቀለበት ጭቃ ድፈኑት። ነበልባሉ በቀጥታ ወደ ጭስ መውጫው ከሮጠ ደግሞ የተሰበረ ምጣድ ገል ከመውጫው ፊት ለፊት አቁሙ። ነበልባሉ ገሉን ሲያገኝ ወደ ግራና ቀኝ ይከፈላል። ገል የሌለበት ቤት መቼም የለም።

ድክመቱ ዕድሜው ነው። ጭቃ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ እርጥበት ይበላዋል፣ በየጊዜው መለቅለቅ ይፈልጋል። ልኩም በሠሪዋ እጅ ነው፤ አንዷ ቤት ግሩም የሆነው ጎረቤት ቤት ላይሠራ ይችላል።

ጎንዚዬ

ከሸክላ የሚሠራ ነው። ምጣድም ድስትም ይቀመጥበታል። ኪራይ ቤት ላለ፣ ማድ ቤቱ ጠባብ ለሆነ፣ ለሦስትና ለአራት ሰው ለሚጋግር ይመቻል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ቶሎ ይግላል። ያው ስስነቱ ሲገፉት ይጎዳዋል፤ ይሰበራል። ስትገዙ የተቃጠለበትን እዩ፦ በጣት ቋ ስታደርጉት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በደንብ በስሏል፣ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ አለው ወይም አልበሰለም። መዳረሱ ጥሩ ነው፤ ከምርጥ ጋር ግን አላስተካክለውም።

ምርጥ ምድጃ

በ1980ዎቹ እዚሁ አገር ለእንጀራ ተብሎ የተነደፈ ነው። ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ቀላል ድንጋይ ወይም ከአሸዋ ይሠራል። አራቱ ክፍሎች ተገጣጥመው ክብ ይሆናሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ ሆነው ጭሱን ያወጣሉ፣ ድስትም ይሸከማሉ። ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርዳል።

ለመዳረስ የሚበልጠው ክቡ የተለካ ስለሆነ ነው። ምጣዱ ከጠርዙ ጋር ይገጥማል፣ ከፍታው ያው ነው፣ መውጫው ያው ነው። ዛሬ የጋገራችሁበትን ስልት ነገም ትደግሙታላችሁ። የኋላ ድስቱም ቀላል ጥቅም አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና አተር እንደ ቆላው ቶሎ አይበስልም። እንጀራ እስኪያልቅ ድረስ በሚወጣው ትኩሳት ንፍሮ ብትጥዱበት ግማሽ መንገድ ሄዶ ትቀበሉታላችሁ።

ግን የራሱ ጠባይ አለው። ነበልባሉ ወደ ኋላ መውጫው ስለሚሳብ የኋላው ጎን ይግላል፣ በሩ ጋ ያለው ይዘገያል። በተለይ በቅጠልና በአገዳ። መድኃኒቱ ማገዶውን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ማስገባትና ጥቂት ፍም ወደ በሩ መሳብ ነው። ገል የማቆሙ ዘዴ እዚህም ይሠራል፤ መውጫውን ግን እንዳይዘጋው ተጠንቀቁ፣ ከተዘጋ ጭሱ ተመልሶ ወደ ፊታችሁ ይመጣል። በኩበት የምታነዱ ደግሞ እየጋገራችሁ በመሃሉ አመዱን ጥረጉ።

ሻጭ የማይነግራችሁ ሌላ ነገር፦ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ መጀመሪያ ራሱን ያሞቃል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እንጀራዎች ይዘገያሉ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ይከታተላሉ። ስለዚህ ለሳምንት ያህል አንዴ ለሚጋግር ቤት ነው የሚያዋጣው። በየቀኑ አራትና አምስት እንጀራ ብቻ ለሚያወጣ ጎንዚዬ ይቀለዋል። በአሸዋ የተሠራው በእሳተ ገሞራው ድንጋይ ከተሠራው ይከብዳል፣ ለመሞቅም የባሰ ይዘገያል። አንዱን ክፍል አንሡና ክብደቱን በእጃችሁ መዝኑ።

ስትገዙ ጠርዙን በጥፍር ፋቁት። እንደ ዱቄት ከረገፈ ሲሚንቶው አንሷል ወይም ውኃ ሳይጠጣ ደርቋል። የሲሚንቶ ሥራ ቢያንስ ለሳምንት ያህል ውኃ እየተርከፈከፈበት መቆየት አለበት፤ ትናንት ተሠርቶ ዛሬ ፀሐይ ላይ የተሰጣ በመጀመሪያው ከባድ እሳት ይሰነጠቃል። ክፍሎቹን እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ አስገጣጥሙ። የማይገጥም ካለ በጭቃ ይደፈናል ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። የምጣዳችሁንም ስፋት በገመድ ለክታችሁ ሂዱ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ

መዳረስ ብቻ ቢሆን ፈተናው፣ አሸናፊው እሱ ነው። ሽቦው ሸክላው ሥር እንደ ቀለበት እየዞረ ስለተቀበረ እሳቱ ሁሉም ቦታ አለ። ጭስ የለም፣ ጥላሸት የለም። ነገር ግን ብዙዎቹ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባሉ። 3.5 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። በቀጭን ሽቦ የተዘረጋ የኪራይ ቤት ይህን አይችልም፤ ሶኬቱ ይቀልጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ መስመሩን አሳዩ።

ያገለገለ ስትገዙ የዱቄቱን ፈተና ሻጩ ቤት አድርጉ። ሽቦው ተቃጥሎ በየቦታው ከተቀጠለ ቀለበት ቀለበት ሆኖ የሚጠቁርና ነጭ የሚቀር ቦታ ይታያል። እንዲህ ያለውን ተዉት። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ የማገዶውን ምድጃ አታፍርሱ። ሊጥ ቦክቶ መብራት ሲሄድ ያለውን ንዴት ያየ ያውቀዋል።

እኔ ብገዛ

ደብረ ብርሃን ላይ ጥሩ መስመር ያለው የራሴ ቤት ቢኖረኝ ኤሌክትሪኩን እገዛለሁ፣ ጓሮ ደግሞ ምርጥ ምድጃ አቆማለሁ። መንዝ ላይ፣ ብዙ ቤተሰብ ይዤ፣ በኩበት ብጋግር ያለ ምንም ማመንታት ምርጥን። ኩበቱ ከተረፈ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል፤ የገብስ አገር ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። ሸዋ ሮቢት ላይ አገዳው በነፃ የሚገኝ ከሆነ አልቸኩልም። መጀመሪያ በጭቃ አጥሬ፣ ገል አቁሜ፣ በዱቄት ፈትኜ አያለሁ። በቂ ከሆነ ገንዘቡን ለአዲስ ምጣድ አውለዋለሁ፤ በእጅ የተሠራ ምጣድ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ከተለያየ የትኛውም ምድጃ አያድነውምና። ምጣዱን ስትመርጡ ፀሐይ ላይ አቁማችሁ ጠርዙን ዙሪያውን እዩት፣ በጣታችሁም እየዞራችሁ አንኳኩት። ወፈር ያለውና ሳሳ ያለው ቦታ ድምፁ ይለያያል።