ለቢሮ የሚሆን ባለ ቀለም ሌዘር ፕሪንተር፦ ኤችፒ ኤም454 ወይስ ብራዘር ኤል8260?

አንድ መሥሪያ ቤት ባለ ቀለም ሌዘር ፕሪንተር ለመግዛት ሲነሣ እንደተለመደው ሦስት ፕሮፎርማ ያሰባስብና የማሽኑን ዋጋ አስተያይቶ ዝቅተኛውን ይመርጣል። ይህ አካሄድ ለጠረጴዛና ለወንበር ሊበቃ ይችላል፤ ፕሪንተር ግን ከተገዛም በኋላ ቶነር (የኅትመት ዱቄት) እየጠየቀ የሚኖር ዕቃ ስለሆነ በርካሽ የተገዛው ማሽን ውሎ አድሮ ውዱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚገባው ቶነር ለብዙ ቢሮዎች ራሱን የቻለ የበጀት ጥያቄ ሆኗል።

ለንጽጽር የመረጥኳቸው ኤችፒ ከለር ሌዘርጄት ፕሮ ኤም454ዲኤን እና ብራዘር ኤችኤል-ኤል8260ሲዲደብሊው ናቸው። ሁለቱም በኤ4 ወረቀት ይሠራሉ፤ ወረቀቱን ራሳቸው ገልብጠው በሁለቱም ገጽ ያትማሉ፤ በኔትወርክ ገመድ ለመላው ቢሮ ያገለግላሉ። ፍጥነታቸው ለኤችፒው በደቂቃ 27፣ ለብራዘሩ 31 ገጽ ሲሆን፣ ይህ ልዩነት በተራ ቢሮ ውስጥ ምርጫ ሊወስን አይገባም። በገበያ ላይ ዓመታት ያስቆጠሩ ሞዴሎች ቢሆኑም የሚወክሏቸው ሁለት የአሠራር ዓይነቶች በአዳዲሶቹም ላይ ስላሉ፣ የሚከተለው ለሌላ ሞዴል ገዢም ይጠቅማል።

ዋናው ልዩነት ድራሙ፣ ማለትም ምስሉን ይዞ ዱቄቱን ወደ ወረቀቱ የሚያሻግረው ጥቅልል፣ የሚገኝበት ቦታ ነው። በኤችፒው ውስጥ ካሉት አራት ካርትሪጆች (ለየቀለሙ የሚገቡ የቶነር መያዣዎች) እያንዳንዱ ዱቄቱንና ድራሙን በአንድነት ስለያዘ፣ ቶነር ሲቀየር ድራሙም አብሮ ይቀየራል። በብራዘሩ ግን ቶነሩ ለብቻው ነው፤ የአራቱም ቀለማት ድራሞች በአንድ መሳቢያ ተሰባስበው 30,000 ገጽ ያህል ያገለግላሉ፤ የማስተላለፊያ ቀበቶውና የቆሻሻ ቶነር ማጠራቀሚያው ደግሞ እያንዳንዳቸው 50,000 ገጽ ገደማ ሲሞላ ይቀየራሉ።

ይህ በሒሳብ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት በወር 500 ገጽ የሚያትም ቢሮ እንውሰድ፤ በአምስት ዓመት 30,000 ገጽ ይሆናል። ገጹ ሁሉ አራቱንም ቀለማት ይጠቀማል ብንል፣ ኤችፒው ትልቁን ካርትሪጅ 415ኤክስን ሲጠቀም ጥቁሩ 7,500፣ ሌሎቹ 6,000 ገጽ ስለሚያትሙ በድምሩ 19 ካርትሪጅ ይበቃዋል። ትንሹ 415ኤ ግን ለጥቁር 2,400፣ ለሌሎቹ 2,100 ገጽ ብቻ ስለሆነ ለዚያው ሥራ 58 ካርትሪጅ ያስፈልጋል። ብራዘሩ በቲኤን-423 ቶነር ጥቁሩን 6,500፣ ሌሎቹን 4,000 ገጽ ስለሚያስኬድ 29 ቶነር ይጨርሳል፤ መጨረሻም ላይ የድራም መቀየሪያው ጊዜ ይደርሳል። የቁጥሩ ማነስ ብቻውን የወጪ ማነስ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ዋጋ ለሚያትመው ገጽ አካፍሎ፣ ለብራዘሩ የድራሙን ድርሻ ጨምሮ ማስላት ያስፈልጋል። ሱቅ ላይ በቅድሚያ የሚቀርበው ትንሹ ካርትሪጅ በገጽ ሲሰላ ብዙውን ጊዜ ውድ ነው፤ ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚመጣውም ከትልቁ ያነሰ ዱቄት ስለሚይዝ ቶሎ ያልቃል።

እነዚህ ቁጥሮች የተሰጡት እያንዳንዱ ቀለም የገጹን 5 በመቶ ያህል ብቻ ይሸፍናል በሚል መለኪያ ነው። አርማና ጥቂት መስመር ያለበት ደብዳቤ ለዚህ ይቀርባል፤ ዳር እስከ ዳር ጥላ የተቀባ ሰርተፊኬት ግን የአንዱን ቀለም ፍጆታ አራትና አምስት እጥፍ ያደርሰዋል። ሰርተፊኬት በብዛት የሚያዘጋጁ ማሠልጠኛ ተቋማት ቶነሩ ተጭበርብሯል ብለው ከመጠርጠራቸው በፊት ይህን ቢያጤኑት መልካም ነው።

ብልሽት ሲመጣ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። በገጹ ላይ በእኩል ርቀት እየተደጋገመ የሚታይ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው የተጫረ ወይም የቆሸሸ ድራም ነው። በኤችፒው የዚያን ቀለም ካርትሪጅ መቀየር በቂ ነው፤ በብራዘሩ ግን አንዱ ድራም ብቻ ቢጫርም ክፍሉ አራቱን በአንድነት ስለያዘ ሙሉው ይቀየራል። በአንጻሩ በገጹ ላይ ቁልቁል መስመር ሲወጣ ብራዘሩ ቀላል መፍትሔ አለው፤ በድራሙ ላይ ያለውን አረንጓዴ መያዣ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ማንሸራተት ድራሙን በኤሌክትሪክ የሚሞላውን የኮሮና ሽቦ ያጸዳዋል። መያዣው የቀስት ምልክት ወዳለበት ቦታው ካልተመለሰ ግን መስመሩ ራሱ ከዚያ ይመጣል። የፈሰሰ የቶነር ዱቄት በሞቀ ውሃ መታጠብ የለበትም፤ ሙቀት ያጣብቀዋል። በተራ ቫክዩምም አይጠረግም።

በከተማችን የተለመደው ሪፊል፣ ማለትም ያለቀውን ካርትሪጅ በዱቄት መልሶ መሙላት፣ ለኤችፒው ዓይነት ንድፍ አይስማማም፤ ለአንድ ዙር ዱቄት የታሰበውን ድራም ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ስለሚያሠራው ወረቀቱ ዳራው እየጠቆረ ይመጣል። በተጨማሪም ኤችፒ የራሱ ያልሆነ ቺፕ ያለበትን ካርትሪጅ በሶፍትዌር ማሻሻያ ሊያግድ ይችላል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ማሽኑን ወይም ቶነሩን እንዲልክ ማድረግ ብዙዎች የሚያስቡት መንገድ ነው፤ በዚህ ላይ አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። በእኛ አካባቢ ለሚሸጠው ኤም454 የተሠራው ቶነር 415 ሲሆን፣ በአሜሪካ የሚሸጠው 414 ነው፤ ቢመስልም ማሽኑ አይቀበለውም። የብራዘሩም ቶነር እዚያ በቲኤን-433 ስም ይሸጣል። ከዚህ የሚብሰው የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ሌዘር ፕሪንተር ከ110 እስከ 127 ቮልት ብቻ ስለሚቀበል በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል።

ኃይልን በተመለከተ ሁለቱ አይለያዩም። ዱቄቱን በሙቀት ከወረቀቱ ጋር የሚያጣብቀው ፊውዘር ሲሞቅ ከባድ ጭነት ስለሚፈጥር፣ በየጠረጴዛው ሥር የምናየው 650 ቪኤ ዩፒኤስ አይችለውም። ሌዘር ፕሪንተር በዩፒኤስ ባትሪ በኩል መሰካት የለበትም፤ አቅሙ የተሰላ ስታቢላይዘር ይሻለዋል። መብራት በኅትመት መካከል ከጠፋ ፊውዘሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ወረቀቱን በመሄጃው አቅጣጫ ቀስ ብሎ መሳብ ይገባል።

መብራት አዘውትሮ የሚጠፋበትና በቀን ጥቂት ገጽ ብቻ የሚያትም ቢሮ እንደ ኤፕሰን ኤል3250 ያለ ኢንክ ታንክ (ፈሳሽ ቀለም ከጠርሙስ የሚሞላ ፕሪንተር) ቢወስድ አይሳሳትም። ከ20 ዋት በታች ስለሚወስድ በትንሽ ዩፒኤስ ይሠራል፤ አንድ የጥቁር ጠርሙስ 4,500 ገጽ ያትማል። ሆኖም በደቂቃ በጥቁር 10፣ በቀለም 5 ገጽ ስለሚያትም ለተጣደፈ ቢሮ አይሆንም፤ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ከቆየም ቀለሙን የሚረጨው የኅትመት ጭንቅላት ይደርቃል። ለዓመታት በመዝገብ ቤት ለሚቀመጥ ሰነድ ውሃ የማያፈሰው የሌዘር ጽሑፍ ይመረጣል።

የእኔ ምርጫ በወር ከ500 ገጽ በላይ ለሚያትምና ማሽኑን የሚከታተል አንድ ኃላፊ ለመደበ ቢሮ ብራዘሩ ነው። ብዙ ሰው የሚነካካው፣ ማሽኑን የሚከታተል ሰው የሌለውና የቀለም ሥራው ጥቂት የሆነ ቢሮ ኤችፒውን ይውሰድ፤ ነገር ግን 415ኤክስ በቋሚነት የሚያቀርብ ነጋዴ ማግኘቱን አስቀድሞ ያረጋግጥ። በሁለቱም ጊዜ የፕሮፎርማ መጠየቂያው ላይ ከማሽኑ ዋጋ በተጨማሪ የትልቁ ቶነር መለያ ቁጥር፣ ዋጋውና የገጽ ብዛቱ፣ የድራሙ ዋጋ፣ እንዲሁም ዋስትናው በአገር ውስጥ የሚፈጸምበት አድራሻ እንዲሞላ ይደረግ፤ እነዚህን መሙላት ያልቻለ ተወዳዳሪ ማሽኑን በርካሽ ቢያቀርብም ሊመረጥ አይገባውም።