ጄኖቫ ላይ ከልጆች ጋር መውረድ፦ አኳሪየሙ ቀኑን ይገባዋል

ልጆች ይዘው በሜዲትራኒያን የመርከብ ሽርሽር (ክሩዝ) የሚሄዱ ጓደኞቼ «መርከቡ የጣሊያኗ የወደብ ከተማ ጄኖቫ ሲቆም ምን እናድርግ?» ሲሉኝ ሳላመነታ አኳሪየሙን፣ ማለትም የባሕር እንስሳት በገንዳ የሚታዩበትን ቦታ፣ እላቸዋለሁ። የተቀረው ሁሉ ሰዓት ከተረፈ ነው።

ዓሣው ቆንጆ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትልቁ ነገር ቦታው ነው። በዚህ መስመር ላይ የመርከቡ ፕሮግራም «ሮም» ብሎ የሚጽፈው ወደብ ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከሮም በመኪና ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። «ፍሎረንስ» የሚለውም ሊቮርኖ ነው፤ ፍሎረንስ ለመድረስ መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ መመለሻውም እንደዚያው። አዋቂ ይችለዋል። የአራት ዓመት ልጅ ግን አውቶቡስ ላይ ተኝቶ፣ አደባባዩ ላይ አልቅሶ፣ እንደገና አውቶቡስ ላይ ተኝቶ ይመለሳል። ጄኖቫ ላይ ግን መርከቡ የሚቆመው ከተማው እምብርት አጠገብ ነው። ከመንገደኞች ተርሚናሉ ወጥታችሁ ባሕሩን በቀኝ አድርጋችሁ ብትራመዱ፣ በልጅ እርምጃ እንኳ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አኳሪየሙ በር ላይ ናችሁ። እኛ የልጅ ጋሪ ይዘን፣ እናቴንም ጨምረን በእግር ሄድን። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ከላዩ ከፍ ብሎ የተሠራ የመኪና መንገድ ስላለ ጫጫታው አይወደድም፣ መሻገሪያው ላይ የልጅ እጅ መልቀቅም አይቻልም። ያን ያህል መሄድ የማይችል ሰው ካለ ደግሞ ከፕሪንቺፔ ባቡር ጣቢያ በሜትሮ ተሳፍሮ ሳን ጆርጆ መውረድ ነው።

አኳሪየሙ የተሠራው ኮሎምበስ አሜሪካ የደረሰበት 500ኛ ዓመት ሲከበር፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ለተካሄደው ኤክስፖ (ዓለም አቀፍ ትርኢት) ነው። የአሮጌውን ወደብ አካባቢ እንደገና የነደፈው የጄኖቫ ተወላጁ አርክቴክት ሬንዞ ፒያኖ ነው። ይህን የማነሳው ለታሪኩ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ድሮ ዕቃ ይራገፍበት የነበረው ቦታ ዛሬ መኪና የማይገባበት ሰፊ ሜዳ ሆኖ ልጅ እንደልቡ ይሮጥበታል። ከመርከብ ወርዶ ወዲያው ልጁን መልቀቅ መቻል ለወላጅ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ውስጡ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ትንሹ ልጄ ማናቲ የሚባሉት ግዙፍ የውሃ አጥቢ እንስሳት ፊት ተተክሎ ቀረ። እንደ ትልቅ ግራጫ ትራስ ተንሳፍፈው ቅጠላቸውን ቀስ ብለው ያላምጣሉ፤ አይቸኩሉም፣ አይደበቁም፣ ስለዚህ ለትንሽ ልጅ ከማንኛውም ዓሣ ይሻላሉ። ሻርኮቹን የፈራው እሱ እነዚህን «እማዬ፣ ደህና እደሩ ልበላቸው?» አለኝ። ፔንግዊኖቹን ከውሃው በላይ ሲራመዱም ከውሃው ሥር ሲዋኙም ማየት ይቻላል፤ መሬት ላይ ሲንገዳገድ የነበረው ወፍ ውሃ ውስጥ እንደ ቀስት ሲወረወር ማየት ትልቋን ልጄን እንኳ ጸጥ አሰኛት። ጄሊፊሾቹ ያሉበት ክፍል ጨለማ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሬይ የሚባሉትን ጠፍጣፋ ዓሣዎች በእጅ የሚነኩበት ክፍት ገንዳ አለ። እጅን ውሃው ውስጥ ዘርግቶ፣ ሳይይዙ፣ ጀርባቸውን በስሱ መንካት ነው። እናቴ መጀመሪያ እጇን ሰበሰበች፤ በኋላ ከገንዳው ያነሳናት በልመና ነው።

ዶልፊኖቹ ላይ ግን ስሜቴ ሁለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተላቸው ክፍል ሰፊ ነው፣ ከላይም ከውሃው ሥርም ይታያሉ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ግን መስታወቱን ተደግፋ «ባሕሩ እዚሁ አጠገባቸው አይደል እንዴ? ለምን አይወጡም?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው፣ እኔም ያንኑ ነው ያሰብኩት። ያልኳት ይህን ነው፦ ከዚህ ወደብ ፊት ለፊት ያለው ባሕር ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ሞናኮ እ.ኤ.አ. በ1999 ተፈራርመው ለዓሣ ነባሪዎችና ለዶልፊኖች ጥብቅ ያደረጉት ፔላጎስ የሚባል ክልል ነው፤ ስፋቱም 87,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማታ ከመርከቡ በረንዳ ሆና ውሃውን ስትቃኝ አመሸች። ወቅቱ ሲሆን ከዚሁ ወደብ ተነስተው ዓሣ ነባሪ የሚያሳዩ ጀልባዎች አሉ፤ ግን ግማሽ ቀን ስለሚወስዱ፣ ባሕሩም ከተናወጠ የሰዓቱ ነገር ስለማያስተማምን፣ መርከብ ለሚጠብቀው ሰው አልመክርም። ጄኖቫ ለሚያድር ግን ከአኳሪየሙም አስቀድመዋለሁ።

ትኬቱን ከቤት ሳትወጡ በኢንተርኔት ግዙ፣ መግቢያ ሰዓቱንም ምረጡ። ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ሰዓቶች መያዝ ይሻላል፤ ነገር ግን መርከቡ ወደብ ገብቶ መንገደኛ እስኪለቀቅ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጨምሩበት። ውስጡ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ልጆቹ ዓሣውን ትተው እርስ በርስ መጎነታተል ይጀምራሉ።

ሰዓትን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። መርከቡ ላይ መገኘት ያለባችሁ ሰዓት መርከቡ ከሚነሳበት ሰዓት ይቀድማል፤ ግማሽ ሰዓትም፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። የመርከቡ ሰዓትና የስልካችሁ ሰዓት የሚለያዩበት ወደብም ስላለ፣ ስትወርዱ በሩ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሱት። ቪዛ የሚጠየቅ ፓስፖርት የያዘ ደግሞ ከመነሻው መስመሩን ያጥና፦ መርከቡ ከሼንገን አገሮች (በአንድ የጋራ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ወጥቶ፣ ለምሳሌ ቱኒዚያ ወይም ቱርክ ነክቶ፣ ተመልሶ የሚገባ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል። ይህ ለልጆቹም ነው።

ምሳ ለመብላት ወደቡ ፊት ያሉትን ባለ ፎቶ ሜኑ ምግብ ቤቶች እለፏቸው። አንዱ ጋ ገብተን ቀዝቃዛ ፓስታ በላን፣ በየሰው የመቀመጫ ሒሳብም ተጨመረብን፤ ኮፐርቶ ይሉታል፣ ጣሊያን ውስጥ የተለመደ ነው። መንገዱን ተሻግራችሁ ሶቶሪፓ የሚባለው፣ ቅስት በቅስት የሆነ አሮጌ መተላለፊያ ሥር ብትገቡ ግን ዓሣና ካላማሪ ጠብሰው በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡ ትንንሽ ቤቶች አሉ። ፎካቻ የሚባለው ጠፍጣፋ ዳቦ እዚህ ከተማ በወይራ ዘይት ርሶ ነው የሚመጣው። ፋሪናታ የሚባለውን ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ፤ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውሃ፣ ከወይራ ዘይትና ከጨው የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው። ወተትና እንቁላል ለማይስማማው ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ሰዓት ከተረፋችሁ፦ ቢጎ የሚባለው፣ የመርከብ ክሬን መስሎ የተሠራው ሊፍት እየዞረ ወደ ላይ ያወጣል፤ አጭር ነው፣ ከተማውንም ወደቡንም አሳይቶ ያወርዳል፣ ለትንሹም ተስማማው። የመስታወት ሉል የሆነውን ባዮስፌራን ግን ልጆቹ ደክመው ከሆነ ተዉት። ጋላታ የሚባለው የባሕር ሙዚየም ፊት ውሃው ላይ የቆመ ናዛሪዮ ሳውሮ የሚባል እውነተኛ ሰርጓጅ መርከብ አለ፤ በጠባብ ቀዳዳዎች እየሾለኩ የሚያልፉበት ስለሆነ ለትልልቆቹ ነው። ትልቋና እኔ ግን ሳን ሎሬንዞ ካቴድራልን መረጥን። ጥቁርና ነጭ መስመር የሆነው ግንቡ ያምራል፤ እሷን ግን የማረካት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1941 እንግሊዞች ከባሕር ሲደበድቡ ካቴድራሉን በስቶ ገብቶ ሳይፈነዳ የቀረው የመድፍ ጥይት ነው። ውስጥ ቆሟል። «ቢፈነዳስ ኖሮ?» እያለች እስከ መርከቡ ድረስ ጠየቀችኝ።

ወደ መርከቡ ቀደም ብላችሁ ተመለሱ፤ ለጥንቃቄ ብቻ ብዬ አይደለም። ሌላው መንገደኛ ገና ከተማ ውስጥ ስለሆነ መዋኛ ገንዳው ባዶ ነው፣ መንሸራተቻውም ላይ ሰልፍ የለም። ልጆቹ ዋና ልብሳቸውን ለብሰው ከጨረሱ በኋላ እናቴና እኔ እግራችንን ዘርግተን ሻይ የጠጣንበት ሰዓት ያኔ ነው።