ቀለም ቀቢ መጥራት ወይስ ራስ መቀባት?

በዓል ሲቃረብ በየቤቱ የሚነሳ ጥያቄ ነው።

ወጪ፦ ራስዎ ከቀቡ የእጅ ዋጋው ይተርፋል። ሮለር፣ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት ግን መግዛትዎ አይቀርም። ባለሙያ በካሬ ወይም በቁርጥ ይዋዋላል። ቀለሙን ማን እንደሚገዛ ቀድመው ይነጋገሩ። እኔ ዝም ብዬ ውሃ የበዛበት ቀለም ተቀባልኝ፤ በሦስት ወሩ የድሮው አረንጓዴ ብቅ አለ።

ጥራት፦ ቀለሙ ቀላል ነው፤ ፈተናው ስቱኮው፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት ግድግዳውን የሚያለሰልሰው ልባጥ ነው። ማታ መብራት ሲበራ ጉዱ ይወጣል።

አደጋ፦ እዚህ ላይ አልደራደርም። ለሳሎን አጭር መሰላል ይበቃል። ውጭ ግን መሰላሉ አራት ሜትር ላይ ከተደገፈ፣ እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ። ፎቅ ከሆነ ደግሞ በሚስማር የተያያዘ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ለባለሙያም አያስተማምንም፤ ቀበቶና ሄልሜት የሌለውን ሰው አያውጡ። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፋቅ። አኳራጅ (ተቀጣጣይ የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ሲከፈት መስኮቱም ይከፈት፣ የቡናው ከሰል ይውጣ።

አንድ ክፍል፣ ፕላስቲክ ቀለምና ነፃ ቅዳሜ ካለዎት ራስዎ ይሞክሩት። ኮርኒስ፣ ፎቅ ወይም እርጥበት የበላው ግድግዳ ከሆነ ባለሙያ ይጥሩ።