የቤት ውስጥ እንክብካቤ ኢንሹራንስ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ቀን አቆጣጠራቸውን ጠይቁ

ንዴቴ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ለእናት ለአባቱ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ኢንሹራንስ ሊገዛ ያሰበ፣ ወይም ገዝቶ ዓረቦን እየከፈለ ያለ ሰው ይህን ሳያነብ እንዳያልፍ።

ወኪሉን ታውቁታላችሁ። ቤት ድረስ የሚመጣው፣ እናታችሁን ከእናንተ አብልጦ «እማዬ» የሚለው፣ ገጹን ራሱ ገልጦ መፈረሚያውን በጣቱ የሚያሳየው ዓይነት ነው። እንዲህ ብሎ አስረዳን፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ መነሳት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፤ ከእነዚህ 6 ነገሮች 2ቱ ያለ ሰው እርዳታ ካቃታቸው ኢንሹራንሱ ለአስታማሚ ይከፍላል። የ90 ቀን መጠበቂያ አለው፣ እሱን ከኪሳችሁ ትችላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ እኛ አለን አለ። 90 ቀን ሲባል ማንም ሰው ሦስት ወር ብሎ ነው የሚረዳው። እሱም እንደዚያ እንደምንረዳው ያውቅ ነበር።

እናቴን ስትሮክ መታት። ግራ እጇና እግሯ አልታዘዝ አሉ፤ አሁን የምትታጠበውም የምትለብሰውም በሰው እጅ ነው። በሳምንት 3 ቀን አስታማሚ ትመጣለች፣ በቀሩት ቀናት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ጻፈ፣ እነሱ የላኳት ነርስም መጥታ አይታ አረጋገጠች። ሦስት ወሩ ሲሞላ ደረሰኙንና አስታማሚዋ የፈረመችበትን የሰዓት መዝገብ ደርድሬ ይዤ ሄድኩ።

ሠራተኛዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። የቀን መቁጠሪያ አወጣችና በእስክሪብቶ ነጥብ እያደረገች ወረደች። ሰኞ ላይ ነጥብ። ማክሰኞን ዘለለች። ረቡዕ ላይ ነጥብ። ሐሙስን ዘለለች። ደረሰኝ የጎደለ መስሎኝ ወረቀቴን ማገላበጥ ጀመርኩ።

«እህቴ፣ የዘለልሻቸውስ?»

«አገልግሎት የተሰጠበት ቀን ነው የሚቆጠረው።»

«በሽታው እኮ በየቀኑ ነው። ማክሰኞ ሳትታጠብ የምትውል ይመስልሻል?»

«ማን አጠባቸው?»

«እኔ ነኛ!»

«እርስዎ ቤተሰብ ነዎት። ቤተሰብ አይቆጠርም።»

ከዚያ ወደ ጎን ዞር ብላ ለባልደረባዋ «እኚህም ሦስት ወር መስሏቸው ነው» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው። ሰው ሁሉ ሦስት ወር መስሎት እንደሚመጣ ያውቃሉ፣ ሲሸጡ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም። እናቴን ሌሊት ሌሊት እያገላበጥኩ ያሳለፍኩት ሁሉ እዚያ መቁጠሪያ ላይ ባዶ ሳጥን ነው።

ሒሳቡን አስቡት። በሳምንት 3 ቀን ከሆነ 90 የሚሞላው በ30 ሳምንት ነው፤ ወደ ሰባት ወር ማለት ነው። በሳምንት 1 ቀን ብቻ ለሚያስመጣ ሰው ሃያ ወር ያልፋል። ገንዘብ ያለው በየቀኑ አስታማሚ ቀጥሮ በሦስት ወር ይጨርሳል፤ አቅም አጥቶ በገዛ ጉልበቱ የሚያስታምመው፣ ገንዘቡ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ሰው፣ ከሁሉም በላይ ይጠብቃል። ዓረቦኑም እስከዚያ አይቆምም፤ የእኛ ውል ከዓረቦን ነጻ የሚያደርገው መጠበቂያው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ለአስታማሚዋም ለእነሱም እየከፈልን ነው።

ግዴታ ሆኖባቸው እንዳይመስላችሁ። እንደ ካላንደሩ በተከታታይ የሚቆጥሩ ውሎች አሉ። በሳምንቱ ውስጥ 1 ቀን አገልግሎት ካለ ሙሉውን 7 ቀን የሚቆጥሩም አሉ።

ከመፈረማችሁ በፊት የመጠበቂያው ቀን እንዴት እንደሚቆጠር፣ ቤተሰብ ያስታመመበት ቀን ይያዝ እንደሆነ፣ መጠበቂያው አንዴ ብቻ ይሁን ወይስ ክፍያ በተጠየቀ ቁጥር እንደገና የሚጀምር፣ በጽሑፍ ይስጧችሁ። የፈረማችሁም ዛሬውኑ ውሉን አውጥታችሁ እዩት። የእኛ ውል የቀን አቆጣጠር ወኪሉ በጣቱ ካሳየን ገጽ ላይ አልነበረም፤ ከኋላ፣ የቃላት ትርጓሜ ከሚለው ክፍል ውስጥ ነው ያገኘሁት።